ሰባት ቁጥርን ለማስታረቅ

እኛ ከተማ፣ ጌዶ ላይ፣ ሰው ሞቶ አባቴ የሕይወት ታሪኩን ሳያነብለት ከተቀበረ፣ ቤተሰቡ ሟቹን እንደናቀው ይቆጠራል። አባቴ ጡረታ የወጣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው። ጡረታ የወጣው ግን ከትምህርት ቤቱ እንጂ ከንግግር አይደለም። ለቅሶ ቤት ይጠሩታል፤ ድንኳኑ ጥግ ይቀመጥና ዘመድ አዝማዱን ይጠይቃል፤ ከዚያ በኦሮምኛም በአማርኛም አሳምሮ ይጽፈዋል። «ከአባታቸው ከኦቦ እገሌ፣ ከእናታቸው ከአዴ እገሊት» ብሎ ሲጀምር አልቃሹ ሁሉ ጸጥ ይላል። በሕይወት ዘመኑ ለጎረቤት እሳት እንኳን ሰጥቶ የማያውቅ ንፉግ በአባቴ አንደበት ለጋስ ሆኖ ይቀበራል።

የአባቴን ጽሑፍ ያልወደደ ሰው በከተማው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ። አጎቴ ወፍጮ ቤት አለው፤ ግቢውም ከእኛ ጋር አጥር ለአጥር ነው። የሁለቱ እናት፣ አያቴ፣ ታማ አልጋ ላይ በዋለችባቸው ዓመታት የኖረችው እሱ ቤት ነበር። ገላዋን ያጠባት እሱ፣ ያጎረሳት እሱ፣ በክረምት መኪና አልገባ ሲል ጀርባው ላይ አዝሎ አስፋልት ድረስ ያወጣት እሱ። ስትሞት አባቴ እንደ ልማዱ ታሪኳን ጻፈ፤ ቆሞም አነበበ። «በበኩር ልጃቸው እንክብካቤና ጸሎት ሲረዱ ቆይተው» አለ። በኩሩ ማን ነው? ራሱ! የአጎቴ ስም የተነሳው መጨረሻ ላይ፣ ከልጅ ልጆቹ ጋር ተደባልቆ ነው። አጎቴ ከሕዝቡ መሃል ተነስቶ ወጣ። ቀብሩንም ራቅ ብሎ ቆሞ ነው የጨረሰው። በሳልስቱ በሁለቱ ግቢ መካከል የነበረውን ቁጥቋጦ ነቀለና ቆርቆሮ አቆመ።

«ወረቀቱ አልቆብኝ ነው እኮ» ይላል አባቴ ሲጠየቅ። የርዕሰ መምህር ቤት ወረቀት አለቀ! እስቲ አሁን ይሄ ይታመናል?

ጦሱ የወደቀው እኔ ላይ ነው። እኔ የምሠራው አምቦ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ጌዶ እመጣለሁ። አባቴ ቤት ምሳ እበላለሁ። ከዚያ አጎቴን ለመጠየቅ ዞሬ ስገባ ሌላ ምሳ ቀርቦ ይጠብቀኛል። አልበላም ካልኩ «ያ ሰውዬ ከእኛ እንዳትበይ መክሮሽ ነው» ይባላል፤ ከበላሁ ደግሞ ስመለስ አባቴ ከንፈሬን እያየ «ቅባቱ የማን ነው?» ይላል። ወንድማማቾቹ ቂም ሲይዙ እኔ ቦርጭ ያዝኩ። የቀሚሴ ዚፕ እምቢ ባለ ቁጥር ሁለቱንም እረግማቸው ነበር። እናቴና የአጎቴ ሚስት ግን አንድም ቀን አልተኳረፉም። ቆርቆሮው ላይ ቀዳዳ አብጅተው ጨው፣ በርበሬና ወሬ ይቀባበላሉ። «የወንዶቹ ጠብ ከወንዶቹ ጋር ነው» ይላሉ። አባቴ ለዜና ሬዲዮ ሲከፍት አጎቴ ወፍጮውን ያስነሳል። አባቴ ለስንት ዘመን የዓለምን ዜና በጤፍ ዱቄት ጩኸት መሃል ነው የሰማው።

እንግዲህ ኢንዶኔዥያ እዚህ መሃል ነው የገባችው።

ጌዶ ብርድ ነው። አባቴ ደረቱን ብርድ እያገኘው ስላስቸገረው፣ ከሹራብ ስር የሚለብሰው ነገር ልፈልግለት አምቦ ሰልባጅ ተራ ሄድኩ። ቦንዳው ሲፈታ አንድ እጅጌ የሌለው፣ ቀይ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ማሊያ ወጣ። ወፍራም ነው፣ ርካሽ ነው፤ አፈፍ አድርጌ ወሰድኩት። አባቴ ግን ዘርግቶ አገላበጠው፤ ከፊት የቡድን ስምና ኢንዶኔዥያ የሚል ጽሑፍ፣ ጀርባው ላይ ሰባት ቁጥርና ከላዩ የሰው ስም አለ።

«የተጻፈበት ነገር ይነበባል እንጂ ከስር አይደበቅም» አለና ከሹራቡ በላይ አጠለቀው። ኮቱን ደረበ፣ ቁልፎቹን ሆን ብሎ ከፈተና ወደ ገበያ ወጣ። እሁድ ለቸርችም ለበሰው። የሰፈሩ ልጆች ማሊያው የየት አገር እንደሆነ ከእኔ ሰምተው ስም አወጡለት፤ ኦቦ ኢንዶኔዥያ። እሱ ደግሞ ስሙን ጠልቶ አልተቆጣም። ባርኔጣውን አንስቶ ሰላምታ ይመልሳል!

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ጀርባውን ሰጠኝ።

«ይሄን የተሸከምኩትን ሰው አላውቀውም» አለ። «የማን ልጅ ነው? ይሄ ቡድንስ አባቱ ማነው? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ዘሩን የማላውቀውን ሰው አዝዬ እዞራለሁ?»

እኛ ዘንድ ሰው የሚታወቀው አባትና አያቱ ወደ ላይ ተቆጥረው ነው። ስለዚህ ኔትወርክ ሲመጣ ስልኬን አውጥቼ ፈለግኩ። የቡድኑን ስም አልጠራም፤ ደግሞ ለነሱ ስም መጥራት ዋጋ የለውም፣ ጠርታችሁ ሳትጨርሱ ይቀይሩታል። ባለሙያ የቅርጫት ኳስ ቡድን ነው። መጀመሪያ የኑድል ፋብሪካ አቋቋመው፤ ፋብሪካው ከሰረና ለባንክ ተሸጠ። ባንኩ ስሙን ሲቀይር ቡድኑም ስሙን ቀየረ። ከዚያ ከተማውን ለቆ፣ ባሕር ተሻግሮ ሌላ ደሴት ገባ፤ እዚያም ስሙንና ቀለሙን ለወጠ። ዋንጫ ያነሳው በሕይወቱ አንዴ ነው። በኮሮናው ጊዜ ሊጉ ሲቆም ጠፋ፤ በኋላ ደግሞ በሌላ ስም ብቅ አለ።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ይጽፋል። ሲጨርስ ተነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገና በዚያ ድንኳን በሚያስለቅስ ድምፁ አነበበው።

«ቡድናችን ከአባቱ ከኑድል ፋብሪካ፣ ከእናቱ በጃቫ ደሴት ከምትገኝ ከተማ ተወለደ። ገና በሕፃንነቱ አባቱ ስለከሰረ በእንጀራ አባቱ በባንክ እጅ አደገ። ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ ባሕር አቋርጦ ተሰደደ።»

እናቴ ከጓዳ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ እየሮጠች ወጣች። «ማን ሞተ? ወይኔ ጌታዬ፣ ማን ሞተብን?»

«ማንም አልሞተም» አልኳት። «ኳስ ነው።»

«ኳስ ነው?» አለች። ቁጭ ብላ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀችና አባቴን አየችው። «አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም።»

አባቴ አልሰማትም። የያዘው ሐሳብ ሌላ ነበር። «ስሙን እንዲህ የሚለዋውጥ ሰው እኛ አገር ቢሆን ልጅ የሚድርለት የለም» አለ። ግን ድምፁ ውስጥ የሆነ እንግዳ ነገር ነበር፤ ራርቶለታል። ያን ቀን ቡድኑ የቤተሰብ ሰው ሆነ።

እዚያ አገር ሲመሽ እኛ ዘንድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ቅዳሜ ጨዋታ ካለ ስልኬን የስኳር ጣሳ ላይ አስደግፌ እናያለን። ጎረቤት የሆኑት ሽማግሌው የከብት ነጋዴም መፋቂያቸውን እያኘኩ ይመጣሉ። እኚህ ሰው በጌዶና በአካባቢው ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያላስማሙት የድንበር ጠብ የለም። ስለ ቅርጫት ኳስ ግን ሁለቱም ምንም አያውቁም። «ልጁ ኳሱን ለምንድን ነው ምድር ላይ የሚቀጠቅጠው? ይዞት ቢሮጥ ምን አለበት?» ይላሉ። ኔትወርኩ ሲቆምና ተጫዋቾቹ አየር ላይ ተንጠልጥለው ሲቀሩ አባቴ «ተያቸው፣ ትንሽ ይረፉ» ይላል። ቡድናችን ይሸነፋል። ሁልጊዜ ነው የሚሸነፈው! አባቴ ግን ተስፋ አይቆርጥም፤ እንጀራ አባት ያሳደገው ልጅ ቶሎ አይጠነክርም ይላል።

አንድ ነገር ግን እየሰማሁ ልብ አላልኩም ነበር። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአጎቴ ወፍጮ ዝም ይላል። መብራት የጠፋ ነበር የሚመስለኝ።

ከዚያ የቡድኑ የልደት በዓል መጣ፤ ገጻቸው ላይ «ታሪካችን» ብለው ረዥም ነገር ለጠፉ። አባቴ እንደ ሙያ ጓደኛ ሥራ ሊመዝነው ፈለገ። በስልኬ አስተርጉሜ አነበብኩለት። ዋንጫውን ያነሱበት ዓመት ላይ ስደርስ «በባለቤታችን ብልህ አመራር ዋንጫ አገኘን» ይላል። አባቴ እጁን አነሳ።

«ሰባት ቁጥርስ?»

ቀደም ብለን እንዳነበብነው የዚያ ዓመት አምበል፣ ዋንጫውን ያመጣው ሰው፣ አባቴ ጀርባው ላይ ያዘለው ሰባት ቁጥር ነበር። ታሪካቸውን ከላይ እስከ ታች ፈለግኩት፤ የለም። ፎቶው ላይ እንኳን ጫፍ ላይ የአንድ ሰው ትከሻ ብቻ ቀርቷል፤ ሌላው ተቆርጧል። ቆፍሬ ነገሩን አገኘሁት። ጉልበቱን ተጎድቶ ሲቀመጥ ከባለቤቱ ጋር ተጣላ፤ ሲድን ለሌላ ቡድን ተጫወተ፤ እነሱም ከታሪክ ሰረዙት።

አባቴ ከወንበሩ ተነሳ። እንዲህ ተናዶ አይቼው አላውቅም።

«እንዴት ያለ ግፍ ነው! የደከመውን ሰው ከታሪክ ይፍቁታል? ለዚያውም በሕዝብ ፊት? ይሄን የጻፈ ሰው ህሊና የለውም እንዴ?»

እናቴ ጓዳ ሆና ሳለች። ጉንፋን አልነበረባትም። እኔ ስኒውን አንስቼ ፊቴን ደበቅኩ። አባቴ ግን ሳሉንም አልሰማ፣ እኔንም አላየ፤ በዚያችው ቀን ሽማግሌ ሆኖ ሰባት ቁጥርንና የቡድኑን ባለቤት ሊያስታርቅ ቆረጠ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው እንደ እርቅ ወጉ እርጥብ ሣር ይዘው ይናገራሉ፤ እኔ በስልኬ ቀርጬ እልካለሁ።

«አባዬ፣ ኢንዶኔዥያ ሽማግሌ የለም?» አልኩት።

«ቢኖርማ እስካሁን ዝም ይል ነበር?»

ወደ ከብት ነጋዴው ሄድን። አባቴ የጉልበቱን ነገር ትቶ ግፉን ብቻ ነገራቸው፤ እስከ መጨረሻው ሰሙ። መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ።

«መልካም አስበሃል» አሉት። «ማን ማን ነው የሚቀመጠው?»

«እርስዎ፣ እኔ፣ ከቸርችም አንድ ሰው እንጨምራለን።»

 ሽማግሌው በመፋቂያቸው ጫፍ ወደዚያ ወደ ቆርቆሮው አጥር አመለከቱ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል አልሰማህም? ልቡ ውስጥ ቂም ያለበት ሰው ሽማግሌ ሆኖ አይቀመጥም። ይሄንን እኔ ላንተ ልንገርህ? ከአንተ ሌላ ሰው እንዲህ ብሎ ቢመጣ ኖሮ እስቅበት ነበር።»

 ቤት እንደገባን አባቴ ማሊያውን አወለቀ፣ አጥፎ ወንበሩ መደገፊያ ላይ አኖረው። ሁልጊዜ የምበሳጭበት ሰውዬ ያን ቀን አሳዘነኝ። ሹራብ ብቻ ለብሶ ሲያዩት በጣም ከስቷል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመጣ አባቴ ሽማግሌዎቹን ወደ አጎቴ ልኳል። መላኩ ራሱ ተአምር ነው! እኔም ሁለቱንም ምሳዬን በልቼ፣ መተንፈስ አቅቶኝ ግቢያችን ውስጥ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

«እምቢ አለ» አሉ ከብት ነጋዴው። «‹እኔን ሊታረቅ ሳይሆን ለኢንዶኔዥያ መሻገሪያ ድልድይ ሊያደርገኝ ነው› አለ። እውነቱንም ነው።»

አባቴ ዘወር ብሎ ወደ ቤት ሊገባ ሲል ደሜ ፈላ። ቆርቆሮው ቀዳዳ ጋ ሄጄ እንደ እብድ ጮህኩ።

«ስሙኝ ሁለታችሁም! ከዛሬ ጀምሮ ከማናችሁም ቤት አልበላም! የእናንተ ቂም ያሳደገው የእኔን ሆድ ነው! ልፈነዳ ነው እኮ! ቀሚስ አልቀረኝም!»

ከወዲያ በኩል የሆነ ነገር ተንኳኳ። የአጎቴ ራስ ከቆርቆሮው በላይ ብቅ አለ፤ ጣሳ ላይ ይሁን ጆንያ ላይ እንጃ፣ የሆነ ነገር ላይ ወጥቷል፤ ቅንድቡ ዱቄት ነው።

«አንቺ ምን አጠፋሽ» አለኝ። «ይልቅ ለአባትሽ ንገሪው። ደግሞ ያ ሰባት ቁጥር የሚሉት ጥፋቱ የራሱ ነው። ጉልበቱ ከዳነ በኋላ ትቷቸው ነው የሄደው።»

ሁላችንም ፈዘዝን። ስለ ጉልበቱ ለሽማግሌዎቹ አልተነገረም፤ ከእኛ ቤት ውጪ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያኔ ነው የቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓቱ የወፍጮ ዝምታ የገባኝ። አጎቴ ሳምንት ጠብቆ ቆርቆሮው ስር ተቀምጦ ጆሮውን ለጥፎ ሲያዳምጥ ነበር! ለስንት ሽንፈት ከእኛ ጋር ኖሯል!

አባቴ እኔ እስክነግረው አልጠበቀም። ለስንት ዓመት ለወንድሙ በቀጥታ ቃል ያልወረወረ ሰው ዞሮ ጮኸበት።

«ትቶ አልሄደም! ድካሙን ስላልመሰከሩለት ነው የሄደው! ሰው ያሳደገውን፣ ያዘለውን፣ የደከመበትን በሕዝብ ፊት ሌላ ሰው ሲወስድበት ምን ያድርግ? ቁጭ ብሎ ያጨብጭብ?»

ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ሲያልቅ ራሱን ሰማው። ፊቱ ተለወጠ። ሽማግሌው የግቢያችን በር ላይ እንደቆሙ መፋቂያቸውን ማኘክ አቆሙ።

«እስቲ ድገመው» አለ አጎቴ ከላይ ሆኖ፣ በቀስታ።

አባቴ አልደገመውም። ደጃፉ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ፤ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረ፤ «በድዬሃለሁ» አለ። «ወረቀት አላለቀብኝም ነበር።»

አጎቴም ከወጣበት ነገር ወረደ፤ መውረዱ ይሁን መውደቁ አልታየንም፣ ድምፁ ብቻ ተሰማ። ሽማግሌው እጃቸውን አጨበጨቡና «በሉ እንግዲህ፣ እኔ ምን ሥራ ተረፈኝ» አሉ።

በሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ምሳ ብቻ በላሁ። አጎቴ ግቢ ነው የተበላው። እናቴና የአጎቴ ሚስት ቀዳዳቸውን አስፍተው አንድ ሙሉ ቆርቆሮ ነቅለዋል፤ ወጡ በዚያ በኩል ነው የተሻገረው። ከምሳ በኋላ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ለኢንዶኔዥያ ተናገሩ፤ እኔ ቀረጽኩ። አባቴ ማሊያውን ለብሶ መሃል ተቀምጧል። ከብት ነጋዴው በኦሮምኛ አሳምረው ገሰጹና መረቁ፤ «ባለቤቱም ልቡ ይራራ፣ ሰባት ቁጥርም ቤቱ ይመለስ፣ ኳሱም ቅርጫት ውስጥ ይግባላችሁ» አሉ። ሁሉም አሜን አለ። የአጎቴ አሜን ጎላ ያለ ነበር፤ መሸነፉ እሱንም ሳይሰለቸው አልቀረም። ላክሁት። ስልኩን ሳላስቀምጥ መልስ መጣ።

«ምን አሉ?» አለ አባቴ።

ማሽን የሚመልሰው መልስ ነው። «ስለጻፉልን እናመሰግናለን፣ የአዲሱ የውድድር ዘመን ማሊያ ለገበያ ቀርቧል» ይላል። እንዳለ አነበብኩት።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ልብስ አቀረቡ» አሉ ከብት ነጋዴው በአድናቆት። «ካሳ ነው። እርቁን ተቀብለዋል። እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው!»

 ማን ናት አሁን እኚህን ሰዎች ስለ ማሽን የምታስረዳ? ሰባት ቁጥር ይመለስ አይመለስ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ቡድኑ ብቻ እንደገና ስሙን ቀይሯል።

«የሩቁ አለቀ» አሉ ሽማግሌው። ሣሩን ወደ አባቴ አዞሩት። «የቅርቡስ?»

አባቴ ቆመ። የኮቱን ቁልፎች ሁሉንም ቆለፋቸው፤ ማሊያው ተሸፈነ። ወረቀት አልያዘም። «ከአባታቸው» ብሎ ጀመረ፤ የአያቴን ታሪክ ነበር። ልደቷን፣ ትዳሯን፣ የወለደቻቸውን ሁለት ልጆች በእኩል ድምፅ ጠራ። ሕመሟ ላይ ሲደርስ ቀስ አለ።

«በታመሙ ጊዜ በታናሽ ልጃቸው ቤት ኖሩ። በታናሽ ልጃቸው እጅ ጎረሱ። በክረምት መኪና ሲታጣ ታናሽ ልጃቸው በጀርባው አዝሎ፣ በዚያ ጭቃ፣ እስከ አስፋልት...»

 ስንት ድንኳን ያስለቀሰ ሰው የራሱን እናት ታሪክ መጨረስ አቃተው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ወድቄ ነበር እኮ» አለ አጎቴ።

«ምን?»

አጎቴ መሬት መሬቱን ያያል። «ጋሼ፣ ወድቄ ነበር።» ጋሼ ሲለው ከጠቡ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። «ጭቃው አዳልጦኝ ከእሷ ጋር ተከነበልኩ። እኔ ገደልኳት ብዬ ስደነግጥ፣ እሷ ጭቃው ውስጥ ተኝታ ስቃብኝ ነበር። እንባዋ እስኪወርድ ነው የሳቀችው። እሱንም አስገባው።»

አባቴ በሕይወት ታሪክ ላይ ሳቅ አስገብቶ አያውቅም፤ ሙት ማቅለል ነው ይላል።  አሁን ግን የኮቱን ቁልፍ ፈታ፣ በማሊያው ጠርዝ ዓይኑን ጠረገና ቀና ብሎ ቆመ።

«አዝሎ ሲወስዳቸው» አለ፣ «ጭቃው ላይ ወደቁ። እናታችንም ሳቁ።»